የአያቴ ባለ 90 ቮልት ራዲዮ፦ ቫልቮቹ አይበሩም፣ ታዲያ ሞተዋል?

የሐይቋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ክረምቱ ሳይገባ የአያቶቼን ቤት ጣሪያ ልናስቀይር ሐይቅ ተሰብስበን ነበር። ከቆጥ ላይ ዕቃ ስናወርድ ቡናማ ሻንጣ የሚመስል ነገር ወጣ። አጎቴ "የስፌት መኪና ነው" ብሎ በሁለት እጁ ተጠናክሮ ሲያነሳው ቀለለውና ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር። እማማ ከደጅ ቡና እየቆላች "ተው! የሱ ራዲዮን ነው" አለች። እሱ የምትለው ወንድ አያቴን፣ አባባን ነው። ካረፈ 20 ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ስሙን አትጠራም።

ከፈትነው። አይጥ ጎጆ ሠርታ የጤፍ ገለባ ሞልታበታለች። ከገለባው ጋር የኩበት ጭስ ሽታ ወጣ። በብሩሽ ስጠርገው አራት ትንንሽ ጠርሙሶች ብቅ አሉ፤ ቫልቮቹ ናቸው፣ ከትራንዚስተር በፊት ራዲዮ የሚሠራባቸው። ጣት ያክላሉ። አንዳቸውም አልተሰበሩም፤ አይጧ ከኛ ትሻላለች። ጽሑፋቸው ደብዝዟል። በስልክ መብራት አጋድሜ ሳነበው ዲኬ96፣ ዲኤፍ96፣ ዲኤኤፍ96 እና ዲኤል96 ይላል። የፋብሪካው ስም ያለበት ብረት ወድቆ የሁለት ምስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የድንጋይ ማስቀመጫው ክዳን ላይ ግን "90 ቮልት" እና "1.5 ቮልት" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ የሚወጡት አራት ሽቦዎች ጫፋቸው ተቆርጧል። ቀለማቸውም በጭስ ብዛት ሁሉም ቡኒ ሆኗል።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቫልቭን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ደሴ ወስጄ አንድ ራዲዮ ሠሪ ጋር አሳየሁት። ሱቁን አልጠራም፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ለቫልቮቹ 1.5 ቮልት ሰጣቸው፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ አጎንብሶ አየ። ምንም ብርሃን የለም። "እህቴ፣ ሁሉም ተቃጥለዋል። የሆድ ዕቃውን አውጥተን ብሉቱዝ እናስገባበት። ሳጥኑ ያምራል" አለኝ። እውነት ለመናገር ለአፍታ አሰብኩት። ከዚያ መዶሻውን ሲያነሳ አየሁና ራዲዮኑን አቅፌ ወጣሁ። መዶሻው ለምን እንዳስፈለገው እስካሁን አልገባኝም።

አጎቴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለው። የዋይፋይ አዳፕተር በ12 ቮልት "ቀስ አድርገን" እንሞክረው ይላል። ወይም ቀጥታ ሶኬት ላይ።

ጥያቄዎቼ፦ ቫልቮቹ ካልበሩ በእርግጥ ሞተዋል? 90 ቮልት ድንጋይ ዛሬ ከየት ይመጣል? ደግሞ የጣቢያ መፈለጊያው መስታወት ላይ፣ በአጭር ሞገዱ ጫፍ፣ በምስማር የተጫሩ ሁለት መስመሮች አሉ። መስታወቱ በጣም ቆሽሿል። በአልኮል ልጥረገው?

ሰኞ ገበያ፦

ይሸጣል? ዋጋ በውስጥ መስመር።

የሐይቋ መምህርት፦

አይሸጥም።

ባለ ዘኒቱ፦

አጎትሽን ከሶኬት አርቂልኝ በሞቴ! እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ያክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አንድ ዘኒት ትራንስ ኦሽያኒክ ላከልኝ። ኤች500 የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው። ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከውስጡ አንቴና የሚመዘዝለት፣ ጥቁር ሻንጣ። ኮምቦልቻ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዕቃው አሜሪካዊ ነው። በ117 ቮልት ወይም 9 እና 90 ቮልት በሚሰጥ ትልቅ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ይሄን ጀርባው ላይ ጽፈውታል። እኔ መቼ ጀርባውን አየሁ! ሰካሁት። የኛ 220 ገባበት።

ውስጡ ሴሌኒየም ሬክቲፋየር የሚባል፣ የሶኬቱን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚቀይር ነገር አለ። እሱ ሲቃጠል የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሽታው ለሦስት ቀን ከመጋረጃው አልወጣም። ባለቤቴ አሁንም ታነሳብኛለች። በዚያ ራዲዮ የቫልቮቹ ክሮች፣ እንደ አምፖል ክር የሚግሉት ቀጭን ሽቦዎች፣ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው ነው የታሰሩት፤ አንዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋሉ። የተበጠሰው ደግሞ 1ኤል6 የሚባለው ቫልቭ ሆኖ ተገኘ፣ ከሁሉም ለማግኘት የሚቸግረውና የሚወደደው። አሁን ቴሌቪዥን ላይ አበባ ማስቀመጫ ስር ተቀምጧል።

ለ90 ቮልት ግን አብሽሪ። ከቻይና የሚመጣ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሞጁል አለ። ከ12 ቮልት 90 ታወጪበታለሽ። ርካሽ ነው።

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ እፎይ በይ። ቫልቮችሽ አልሞቱ ይሆናል።

ያ ሠሪ ያጠፋው አንድ ነገር ነው። እንደ ቤት ራዲዮ ቫልቭ ቀልተው እንዲያያቸው ጠበቀ። የቤቶቹ በ6.3 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፣ ክራቸው ወፍራም ካቶድ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚረጨውን ብረት፣ ያሞቃል፣ እንደ ፍም ይታያል። ያንቺዎቹ ለድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ክራቸው ከፀጉር ይቀጥናል፣ ራሱ ክሩ ነው ኤሌክትሮን የሚረጨው። ቁጥራቸው በ96 የሚያልቀው ለአንዱ ክር 25 ሚሊ አምፒር ብቻ ይበቃዋል፣ ዲኤል96 በ1.4 ቮልት ሲታሰር 50። ይሄ ድንጋይ ለመቆጠብ ተብሎ የተሠራ ነው። ብርሃኑን በድቅድቅ ጨለማ፣ ዓይንሽ ከለመደ በኋላ እንኳ ታዪው እንደሆነ እንጃ። እኔ በ1964 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ተለማማጅ ሳለሁ አለቃዬ በዚህ ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ ስቆብኛል። እኔም እንደዚያ ሰውዬ በሩን ዘግቼ ነበር።

ስለዚህ በዓይን አይደለም፣ በሜትር ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ያዢ። አሮጌውን ባለ መርፌ ቴስተር እንዳትጠቀሚ፤ በዝቅተኛው የኦም መለኪያ ላይ ከ25 ሚሊ አምፒር በላይ የሚለቁ አሉ፣ ልትፈትሺው ስትይ ትበጥሺዋለሽ። ቫልቩን ነቅለሽ እግር 1 እና እግር 7 መካከል ለኪ። ጥቂት ኦም ወይም ጥቂት አስር ኦም ካነበበ ክሩ አለ። በዲኤል96 ላይ የክሩ መሐል እግር 5 ላይ ይወጣል፤ እሱን ከ1ም ከ7ም ጋር ለኪ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ከአራቱ ሽቦ ሁለቱ የ1.5 ናቸው፣ ሁለቱ የ90። ቀለማቸው ጠፍቷል ብለሻል። ብትገምቺና 90ውን ለክሩ ብትሰጪው አራቱም በአንድ ብልጭታ ይሄዳሉ። ድምፅ እንኳ አያሰሙም። የአጎትሽ 12 ቮልትም ያው ነው። ስለዚህ ሽቦውን ከመጨረሻው ጀምረሽ በእጅሽ ተከተይው። ከቫልቮቹ ሶኬት እግር 1 እና 7 ጋር የሚገናኙት የ1.5 ናቸው። ማብሪያውን ከፍተሽ ለኪ፤ ማብሪያው ሁለቱንም መስመር ስለሚቆርጥ ተዘግቶ ከለካሽ ያሳስትሻል።

ያም ሆኖ የሰው እጅ ይሳሳታል። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፤ በ90ው ፖዘቲቭ ላይ ፍሰቱን የሚገድብ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገባለሁ። አንቺ የፊዚክስ መምህርት ነሽ፣ አካፍዪው። 90 ሲካፈል ለ4700፣ 19 ሚሊ አምፒር። መስመሩን ብትስቺ እንኳ ለ25 የተሠራውን ክር አይበጥሰውም። ድምፁ በዚህ ሬዚስተር ደካማ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ መጀመሪያ የምንፈልገው ሕይወት አለው ወይ የሚለውን ነው። ሁሉም ሲስተካከል ታወጪዋለሽ።

90 ቮልቱ ቀላል ነው። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘኗን ድንጋይ አስር ግዢ። የአንዷን ወንድ በሌላዋ ሴት እየሰካሽ አሰልፊያቸው። እንዲህ ያለ ራዲዮ ከ90ው የሚበላው 10 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው፣ ድንጋዩ ደህና ከሆነ ብዙ ምሽት ታዳምጪበታለሽ። ለክሩ አንዷ ትልቋ ባለ 1.5 ድንጋይ ትበቃለች። አስሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መጫወቻ አይደሉም፤ በእርጥብ እጅ ከነካሽው ይነዝራል።

ባለ ዘኒቱ ያለው ሞጁል ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን ያ ነገር በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው ቮልቱን የሚያነሳው። ራዲዮው ደግሞ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ጣቢያ ስትፈልጊ ተርብ ታገኛለሽ።

ድንጋይ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ካፓሲተር ቀይሪ። ሌላውን ሁሉ ተዪው፣ አንዱን ብቻ። ከዲኤኤፍ96 አኖድ (መውጫው) ወደ ዲኤል96 ግሪድ (መግቢያው) የሚሄደው። በዚያ ዘመን በወረቀትና በሰም ነበር የሚሠሩት። የደሴ ጉም፣ የሐይቅ እርጥበት፣ ስንት ክረምት! ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ ማፍሰስ ይጀምራል፣ የዲኤል96 ግሪድ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ቫልቩ ያለ ልክ ይጠጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ድንጋይሽ በሁለት ምሽት ያልቃል። ድንጋይ ከገባ በኋላ ሜትርሽን ግሪዱ ላይ አድርጊ፤ ትክክለኛው ከዜሮ በታች ጥቂት ቮልት ነው። ፖዘቲቭ ካነበብሽ ሌባው እሱ ነው። ምትኩን ከተጣለ ወፍራም ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ታገኛለሽ፤ "103" የሚል የተጻፈበት፣ 400 ቮልት የሚችል የፕላስቲክ ካፓሲተር። ቴሌቪዥኑ በቅርቡ ተሰክቶ ከነበረ ግን እንዳትነኪው፣ ትልቁ ካፓሲተር ቂም ይይዛል፣ ከተነቀለ በኋላም ይነዝራል።

መስታወቱን በአልኮል? ኧረ ወዲያ! የከተሞቹ ስም ሁሉ በጨርቁ ይወጣል። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከፊት በኩል ብቻ፣ አለቀ። እነዚያን ሁለት ጭረቶች ደግሞ እኔ ብሆን አልነካቸውም።

የሐይቋ መምህርት፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የተባልኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረግሁ።

አራቱም ክሮች አሉ! በመጀመሪያው ንባብ መልቲሜትሩን አላመንኩም፣ ድንጋዩን ቀይሬ ደገምኩት። ያ ሰውዬ ጋር ሄጄ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

ሽቦዎቹን ለመለየት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ መብራት ይዞልኝ ነበር፣ የእህቴ ልጅ። በመጨረሻ በአራቱም ላይ ወረቀት ለጠፍን። ካፓሲተሩ እንዳሉት ነው። ሰሙ ቀልጦ ሥሩ የተኛውን ቦርድ አበላሽቶታል። ምትኩን ጎረቤት ዶሮ ማቀፊያ ሊያደርገው ከነበረ ቴሌቪዥን አወጣሁ። ሲበየድ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሊዱ ተንጠባጠበ፣ አያምርም። ግን ይዟል።

አስሩን ድንጋይ ስገዛ ባለ ሱቁ "የስንት ሰው ማይክ ነው?" አለኝ። ዋጋው የዶሮ ዋጋ ሆነ። ደግሞ ሳሰልፋቸው ዘንዶ መሰሉ፤ እማማ "ይሄ ሁሉ ለአንድ ራዲዮን? ያኔ አንድ ጡብ የሚያክል ነበር የሚገባበት" አለች። ለካስ ታስታውሳለች። አባባ ደሴ ወርዶ እህል ሸጦ ሲመለስ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣው ነበር አሉ። ድንጋዩ እንዳያልቅ ደግሞ ልጆች ዘፈን እንዲሰሙ አይፈቅድም።

ከፈትኩት። ምንም። ለካ ከነ ሬዚስተሩ ነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ጆሮዬን አስጠግቼ... ሽሽሽ። እንደ ዝናብ። የእህቴ ልጅ "ሠራ!" ብሎ ዘለለ። ሬዚስተሩን አውጥቼ ደግሜ ከፈትኩ። አሁን ጮኸ። ግን ጩኸት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ግርርርር። ጋሼ ተርብ ያሉት ይሄንን መሰለኝ፣ እኔ ግን ሞጁል አልተጠቀምኩም። ምን አጠፋሁ?

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

አላጠፋሽም። ቤትሽ ውስጥ ስንት የኤልኢዲ አምፖል፣ ስንት የስልክ ቻርጀር አለ? ሁሉም ውስጣቸው ያው ሞጁል ነው። ያ ራዲዮ ሲሠራ በሐይቅ ቤቶች ኩራዝ ነበር፣ ኩራዝ አይጮህም። ራዲዮውን ባለበት ቀስ ብለሽ አዙሪው። ውስጡ ያለችው ጥቁር ዘንግ አንቴና አቅጣጫ ታውቃለች፤ አንዱ ጎን ላይ ጩኸቱ ይቀንሳል። ካልሆነ ወደ ጓሮ ውጪ። ደግሞ ቀን ነው የሞከርሽው? የመስታወቱ ጭረት ያለበት 49 ሜትር ከሆነ ሩቁ ጣቢያ በዚያ ሞገድ ፀሐይ ካልጠለቀች አይመጣልሽም።

ባለ ዘኒቱ፦

ሞጁሌን መልሼ ወስጃለሁ። ይቅርታ።

የሐይቋ መምህርት፦

ትናንት ማታ የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ቤት ውስጥ እያዞርኩት ነበር። ወደ ሐይቁ ሲዞር ጩኸቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ወደ መስጊዱ ሲዞር ይብሳል። አንድ ሁለት ድምፅ ከሥር ይሰማል፣ ግን ቃሉ አይያዝም። አጎቴ "አዳፕተሩን ብትሞክሪ" ሲል መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ።

ከመብራቱ ጋር ጩኸቱም ጠፋ። እንደ ቢላ ቆርጦ። በመካከለኛው ሞገድ ላይ አረብኛ ቁርአን ቤቱን ሞላው፣ ከባሕር ማዶ መሆን አለበት፣ ጥርት ያለ። ማንም ሻማ አልፈለገም። በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ ደስ ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። የእህቴ ልጅ በጀርባው በኩል አጮልቆ "አንዷ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ" ይላል። እኔ አላየሁም። እሱ ዓይኑ የልጅ ነው።

እማማ እስኪያልቅ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ "ወደ ጭረቱ ውሰጂው" አለችኝ። በስልኬ መብራት መርፌውን መጀመሪያ በቀኙ ጭረት ላይ አደረግሁ። ሽሽታ ብቻ። በግራው ላይ አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ያወራል፣ ይቀርባል ይርቃል። የምን ጣቢያ እንደነበሩ ጠየቅኋት። "አንደኛው የዜናው፣ አንደኛው ዜናውን የሚያስተባብለው" አለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም። አባባ ለጎረቤቶቹም አይነግራቸውም ነበር አሉ፣ ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ለጥፎ ነበር የሚሰማው። የድምፅ ማጉያው ፊት ያለው ጨርቅ በአንድ በኩል የሳሳው ለዚህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አይጧ ናት ብዬ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ጋሼ። ስፒከሩ ወረቀቱ ላይ የጣት ጥፍር የሚያክል ቀዳዳ አለ። ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል። ምን ልለጥፍበት?

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

ቀጭን ወረቀት፣ ለምሳሌ የሶፍት አንዷን ንጣፍ ለይተሽ፣ በነጭ ኮላ። ኮላውን በውሃ አቅጥኚው። በጣትሽ ሳይሆን በብሩሽ። አሞሌ ጨው እንዳይመስል፣ ስስ ይሁን፤ ከከበደ ድምፁ ይታነቃል። ሱፐር ግሉ የሚባለውን እንዳታስጠጊ፣ ይደርቅና በዳር በኩል እንደገና ይቀደዳል።

ስትጨርሺ ደግሞ ድንጋዮቹን አውጥተሽ አስቀምጪ። ሲያረጁ ውሃ ይተፋሉ፣ ያንን ሁሉ የዳነ ነገር ይበሉብሻል።

የሐይቋ መምህርት፦

ስፒከሩን ለጥፌዋለሁ፣ ነገ እሞክረዋለሁ። ድንጋዩን ግን እማማ አላስወጣም ብላለች። መብራት የሚጠፋበት ቀን አይታወቅም አለች።